«ማረችሽ» ያላልኳት አራስ

ስሜ እመቤት ነው፤ ሸዋ ሮቢት ሳለሁ ግን ዘወር ስል «አራስ ነብር» ነበር የሚሉኝ። ወልጄ አላውቅም፣ ያኔ ባልም አልነበረኝም። ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። የወባ ኪኒኑን ተቀብሎ በር ላይ የሚተፋውን ገበሬ ሁሉ እየተከተልኩ አስውጠው ነበር። «ዋጥ! አፍህን ክፈት! ምላስህን አንሣ!» እያልኩ። ደግሞስ ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው ቆላ ተመድቦ ጠባዩ ቢበላሽ ምን ይፈረድበታል? መኪናው ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲጀምር ጋቢዬን አወለቅኩ፣ ደብረ ሲና ላይ ሹራቤን። ሮቢት ስደርስ የሚወልቅ ልብስ አልቆብኝ ነበር።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፣ ስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት። ከጎንደር ነርስ ተብዬ ተመርቄ የመጣሁት ቁስል ላጥብ፣ ክትባት ልከትብ፣ ወባ ልዋጋ ነው። ኋላ ዕድሜዬን ሙሉ የያዝኩትን ሥራ፣ ነፍሰ ጡርና አራስ ሴቶች ልባቸው ሲታወክ አጠገባቸው ተቀምጦ ማዳመጥን፣ ጎንደር ማንም አላስተማረኝም። ያን ጊዜ ስምም አልነበረውም። አሁን ወጣቶቹ ባለሙያዎች «የት ተማሩት?» ይሉኛል። «ቀወት፣ አንዲት አማት ቤት» እላቸዋለሁ። የምቀልድ ይመስላቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ አለባቸው የሚባል የቀወት ገበሬ ሕፃን ታቅፎ ክሊኒካችን መጣ። በዚያ አገር ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ከቤት አይወጣም፣ ያውም በወንድ እጅ! ወረፋ የያዙት ሴቶች «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ሰውየው በራችንን ጎንበስ ብሎ ነው የገባው፣ ያን ያህል ረጅም ነው። ነጠላው ውስጥ ያለው ሕፃን ግን አንድ እፍኝ አይሞላም።

«እናቱ አላጠባም አለች» አለኝ።

«ጡቷ ነጥፎ ነው?»

«ኧረ ሞልቷል! ልብሷን ያርሰዋል።»

«ታማለች?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ነው። ልጁን አታይም። ሲያለቅስ ጆሮዋን ትደፍናለች።»

እስከዚያ ድረስ ልጁን በሕይወት ያቆየችው ሙሀባ የምትባል ጎረቤታቸው ነበረች። የራሷን ልጅ በአንድ ጡት፣ ይኼን በሌላው ይዛ። በዚያው ሳምንት ወባ ጣላትና ወተቷ ቀረ። «አላህ ያውቃል፣ ለራሴም ልጅ አልበቃኝ» ብላ እያለቀሰች መለሰችላቸው። ከዚያ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ቆረጠ። እሑድ ጠዋት እናትየዋ፣ የሺ ነው ስሟ፣ እጇ ታስሮ ደጋ ወዳለ ጠበል ትወሰዳለች። ሕፃኑ ደግሞ ከጣርማ በር ማዶ ላለች አክስት ይሰጣል፣ በፍየል ወተት ታሳድገዋለች።

ሕፃኑን ገልጬ አየሁት። የጎኑ አጥንት ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ለቅሶው እንኳ ድምፅ አጥቷል። ይኼ ልጅ ያንን ዳገት በሕይወት አይወጣም። እስከ እሑድ የእናቱን ጡት ካልያዘ አለቀለት፣ ሌላ ነገር የለውም።

አለቃዬ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ የቆዩ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና አሳሪ፣ ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፣ ነገር ግን የማይታሰር ነገር በሽታ አይመስላቸውም። «የዱቄት ወተት ስጪውና ሸኚው» አሉኝ። «የሴትዮዋ ነገር የቄስ ሥራ ነው።»

«ሄጄ ልያት።»

«ወረፋውንስ ማን ያያል?»

«አንቱ ይዩታ! እጅ የለዎትም?»

እኔም ከአፌ ካወጣሁ በኋላ ደንግጫለሁ፣ ግን ቦርሳዬን ይዤ ከመውጣት አላገደኝም።

የሮቢን ወንዝ ተሻግረን በማሽላው መሀል ሄድን። እሸት የያዘበት ጊዜ ነው፤ በየማማው ላይ ሰው ቆሞ ወፉን ይጮህበታል፣ ወንጭፉ ይጮሃል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አለባቸው ሕፃኑን ደረቱ ላይ ለጥፎ በነጠላው ጥላ እያበጀለት ከፊቴ ይሄዳል። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግራ የገባው ሰው ነው። «እናቴ ሰይጣን ነው ትላለች» አለኝ ሳይዞር። «የእመቤታችን ስም ሲጠራ ትሸሻለች። እሱ ነው ያስፈራን።»

ቤቱ ስንደርስ ቀድሞኝ ገባና የምሥራች እንደሚናገር ሰው ጮክ ብሎ «የሺ፣ እመቤት መጥታልሻለች!» አላት።

እኔ ነጭ ጋውኔን ለብሼ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ከጀርባዬ የቀትር ፀሐይ ነው። መደብ ላይ የተኛችው ሴት ተስፈንጥራ ተነሣች። ልጅ እግር ናት፣ ዓይኗ ጎድጉዷል።

«አሁኑኑ?» አለችኝ። «ክርስትናው ሳይደርስ?» ከዚያ በጣቷ ወደ ባሏ እቅፍ ጠቆመች። «ይኸውልሽ እሱ። ውሰጂው።» ጋቢዋን እስከ አናቷ ተከናነበች።

አራስ የሚጠብቁት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። «አየሽ የኔ እናት፣ ይኸው ነው ቀኑን ሙሉ» አለችኝ አንዷ። መሀላቸው ጥጥ የምትፈትል ደረቅ ያለች ሴት ነበረች፣ የአለባቸው እናት፣ እትዬ ሸዋዬ። እሷ ከንፈሯን አልመጠጠችም። እንዝርቷን ሳታቆም ከእግር እስከ ራሴ ለካችኝ።

ለአራስ የሚባለው የታወቀ ነው፣ እኔም አልኩ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

ጋቢው ውስጥ ያለው ሰውነት በዱላ እንደተመታ እጥፍ አለ።

«ሰማሽ?» አለች እትዬ ሸዋዬ። «ስሟን አይወድም፣ ያደረባት። እሑድ እናያለን!»

ተቀመጥኩ። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር፣ ግን ባዶ እጄን ጋሽ ተሰማ ፊት መመለስን ሳስበው ንዴት ያዘኝ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። የገባው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፣ የሺም በተባለች ቁጥር ጥቅልል ትላለች። እንዲህ እንዳለ አንዷ ጎረቤት ስትነሣ ጣቷን ከምሰሶው ጋር አጋጨችው። «ወይ ማርያም! ወይ ማርያም እግሬን!» ብላ ጮኸች። ዓይኔ የሺ ላይ ነው። ንቅንቅ አላለችም። ሌላዋ ደግሞ ስለ ጠፋባት ዶሮ ስታወራ «ማርያምን እልሻለሁ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት» ብላ ማለች። አሁንም የሺ ምንም።

እንግዲህ ስሟ አይደለም! ስሟማ ቢሆን በዚያ ቤት ቀኑን ሙሉ ይጠራል፣ ማን ሳይምል ይውላል? ልጅቱን የሚቀጠቅጣት «ማረችሽ» የሚለው ነው።

ለእትዬ ሸዋዬ ነገርኳት። «ደግሞ አንቺ መነኩሴ ነሽ?» አለችኝ።

«ለብቻችን ይተዉን፣ ላነጋግራት።»

«አራስ ብቻዋን አትተውም።»

«ብቻዋን አይደለችም እኮ፣ እኔ አለሁ!»

«አንቺ?» እንዝርቷን አቆመች። «ያልወለድሽ ምን ታውቂና ነው?»

ሰደበችኝ ብዬ አይደለም፤ እውነቷን ስለሆነ ነው ያመመኝ። ምን አውቅ ነበር? ምላሴ ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጥኩና ወጣሁ። እስከ ወንዙ ድረስ ብቻዬን እየተሳደብኩ ሄድኩ።

ዓርብ ተመለስኩ። ስገባ «እንዴት ዋልሽ፣ የሺ» አልኩና ተቀመጥኩ። በቃ፣ ሌላ አልጨመርኩም። አራስ ቤት ገብቶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለማለት ለቅሶ ቤት ገብቶ እንደ መሳቅ ነው። «አቤት ጉድ! የተማረ ሰው ደግሞ» አለች የእግሯ ጣት ያበጠው ጎረቤት። እኔ ግን ጋቢው ተገልጦ አንድ ዓይን ሲያየኝ አይቻለሁ። ያን ቀን ሌላ ነገር አላገኘሁም። ሕፃኑን የዱቄት ወተቱን በማንኪያ ስናጠጣው ግማሹን ይመልሰው ነበር።

ቅዳሜ የመጨረሻዋ ቀን ናት። ጋሽ ተሰማ «ዛሬም ከሄድሽ ለአውራጃ እጽፍብሻለሁ» አሉኝ። «በደንብ አድርገው ይጻፉ፣ ስሜን እንዳይስቱ» ብያቸው የፈንጣጣ ክትባቱን ሳጥን ተሸክሜ ወጣሁ። ሳጥኑን ለምን እንደፈለግሁት አለባቸው ቤት ስደርስ ሴቶቹ አዩት። መሀል ወለሉ ላይ ዘርግፌ «የፈንጣጣ ክትባት ነው! ያልተከተባችሁ ክንዳችሁን ግለጡ!» አልኩ። ያን ጊዜ ያንን ክትባት ሰው እንደ ጦር ነው የሚፈራው። ነጠላቸውን እየሰበሰቡ አንዷ ልጄ ብቻውን ነው፣ አንዷ ላሟ አልታለበችም እያለች ቤቱ ባዶ ቀረ።

እትዬ ሸዋዬ ብቻ ክንዷን ገለጠች። «ውጊኝ። አራስ ትቼ አልወጣም።»

ሴትዮዋ በእልኸኝነት ከኔ አትተናነስም። ከተብኳት፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታን በሩ ላይ ተቀመጠችና መፍተሏን ቀጠለች። ያ ለእሷ ትልቅ መሸነፍ ነው።

መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ዝም አልኩ። ዝምታ ለኔ ዓይነቱ ሰው ድንጋይ እንደ መሸከም ነው። መጠየቅ ፈለግሁ፣ መቆጣት ፈለግሁ፣ ያንን ልጅ አምጥቼ ጡቷ ላይ መለጠፍ ፈለግሁ። ምላሴን ነክሼ ቆየሁ። በመጨረሻ እሷ ራሷ ተናገረች።

«አንቺ ለምን አትይኝም?»

«ምኑን?»

«ሁሉም የሚሉኝን።»

«መስማቱን የወደድሽው ስላልመሰለኝ። ለመሆኑ ማረችሽ?»

«ማረችኝ» አለች። «እሱ ነው እኮ ጉዱ።»

ከዚያ እየተቆራረጠ ወጣ። ምጡ ከሁለት ቀን በላይ ይዟታል። ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» እያሉ ጉሮሯቸው ሲዘጋ፣ አዋላጇ ራሷን ስትነቀንቅ አየች። ሞት እግሯ ሥር የቆመ መሰላት። ያን ጊዜ በልቧ ሳይሆን በአፏ፣ ቀስ ብላ፣ «እሱን ውሰጂና እኔን ማሪኝ» አለች። ወዲያው ልጁ ወጣ።

«ወዲያው እኮ ነው!» አለችኝ እጄን ጨብጣ። «ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እሱም ወጣ። ተቀብላኛለች ማለት ነው። ከዚያ እልል ብለው እየመጡ ማረችሽ፣ ማረችሽ ይሉኛል። አዎ፣ እኔን ማረች። የቀረው እሱ ነዋ! በክርስትናው ቀን ወስጄ አስረክባታለሁ፣ ስለት ነው። ታዲያ የሰጠሁትን ልጅ ምን ብዬ ልልመደው? አንዴ ካጠባሁት አልችልም። አንድ ጊዜ አቅፌው ሸተተኝ፣ ያን ለት ልሞት ነበር።»

ሐሙስ ዕለት ነጭ ለብሼ በሩ ላይ ስቆም፣ ባሏም «እመቤት መጥታልሻለች» ሲላት፣ ማን የመጣች እንደመሰላት ያኔ ገባኝ። ቀን ሳይደርስ ልጁን ልትወስድ የመጣችው እመቤታችን መስያታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስንት አራስ ጠይቄአለሁ፣ ሮቢት፣ ካራቆሬ፣ ኋላም አዲስ አበባ። «በምጥሽ ሰዓት ምን ብለሽ ነበር?» እላለሁ። መጀመሪያ «ምንም» ይላሉ። እኔም ቁጭ እላለሁ። ስንቷ እንዳለቀሰች አልነግራችሁም። ያን ቅዳሜ ግን ይኼ ሁሉ የለም። እዚያ መደብ ላይ የተቀመጥኩት ምንም የማላውቅ የሃያ አራት ዓመት ቁጡ ነኝ፣ ለዚህ የሚሆን ኪኒን ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ የለም።

«የሺ፣ እመቤታችን እኮ ራሷ እናት ናት» አልኳት። «የሰው ልጅ ትቀማለች እንዴ?»

«አልቀማችኝም። እኔ ነኝ የሰጠኋት።»

«የምጥ ላይ ቃል እኮ…»

«ቃል ቃል ነው።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አበላሸሁት። ተስፋ መቁረጥ ሲመጣብኝ የማለቅሰው በንዴት ነው፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

የእንዝርቱ ድምፅ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላስተዋልኩም። እትዬ ሸዋዬ ተነሥታ ወደ እኛ መጣች፣ ጥጧ ከጭኗ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። የሺ አማቷን ስታይ ክንዷን ፊቷ ላይ ጋረደች። እኔም ልትመታት ነው ብዬ መሀል ገባሁ።

«ዞር በይ አንቺ» አለችኝ። «ምን ብለሽ ነው የለመንሻት? ድገሚው።»

«እሱን ውሰጂና… እኔን ማሪኝ።»

እትዬ ሸዋዬ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ድንገት ያረጀች መሰለኝ።

«አንቺስ ስም አላወጣሽለትም ነበር» አለች። «እኔ ሆዴ ውስጥ እያለ አውጥቼለት ነበር። ከነስሙ ነው የሰጠኋት። አለባቸውን ውሰጂ፣ እኔን ተይኝ አልኳት።»

ውጭ፣ ጥላው ሥር፣ አለባቸው ሕፃኑን «እሹሩሩ» ሲል ይሰማል። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ዜማውን አያውቀውም።

የሺ ክንዷን ከፊቷ አወረደች። «ለንስሐ አባትዎ ነግረዋል?»

«ለማንም። አሁን ነው ከአፌ የወጣው።»

«ታዲያ… መቼ ነው መጠበቅ የተዉት?»

«ማን ተወች አለሽ?» እትዬ ሸዋዬ ተቆጣች። «ዛሬም ከእርሻ ሲዘገይ ደጅ ቆሜ ነው የማመሸው! ጉንፋን ሲይዘው መጣች እላለሁ። አንቺን ሊያገባ ሲመጣ ወንዙ ሞልቶ አልነበር? እናንተ ስትጨፍሩ እኔ ዛሬ ነው ብዬ ጓዳ ተቀምጬ ነበር። ተወች ትለኛለች!»

«እንዴት አድርገው አጠቡት ታዲያ?»

«እየፈራሁ ነዋ! ሌላ በምን ይጠባል? እየፈራሁ አጠባሁት፣ እየፈራሁ አዘልኩት። እሷ መቼ እንደምትመጣ አላውቅም፤ እሱ ግን የራበው ያኔ ነበር።»

የምለው ነገር ነበረኝ፣ ብዙ። አፌን ዘጋሁ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ያ ዝምታ ይበልጥብኛል።

የሺ አላለቀሰችም። ጋቢዋን ከትከሻዋ ገፍታ ቀስ ብላ ተነሥታ ተቀመጠች። ልብሷ ደረቷ ላይ ረጥቧል።

«አምጡት» አለች።

እትዬ ሸዋዬ ልጇን ጠራችው። አለባቸው ጎንበስ ብሎ ገባ። እናቱ ሕፃኑን ስትቀበለው ሕፃኑን ሳይሆን እሱን ነበር የምታየው፣ ከእግሩ እስከ ራሱ፣ አዲስ ሰው እንደምታይ።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምን እሆናለሁ? ውጣ ከዚህ! ወንድ አራስ ቤት ምን ይሠራል?»

ወጣ። ሕፃኑ መጀመሪያ ጡቱን አልያዘም፣ ደክሞታል፣ ወተቱ ጉንጩ ላይ ፈሰሰ። እትዬ ሸዋዬ አገጩን በጣቷ ደገፍ አደረገችለት። ከዚያ ያዘ። ሲውጥ ይሰማ ነበር። የሺ ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም፣ እመቤታችን አሁን ትገባለች ብላ እንደምትጠብቅ። ጡቷን ግን አልነጠቀችውም።